ወደ ግራ የታጠፈው ኮባ

ይድረስ ለልጄ ለሙሉእመቤት ሽብሩ፣ ድሬዳዋ።

ሰባ ሁለት ዓመቴን ባለፈው ጥር ደፈንኩ። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ። ውሃዬን ከምንጩ ራሴ እቀዳለሁ፤ ሴቶቹ እንስራውን በጀርባ ነው የሚያዝሉት፣ እኔ በትከሻዬ እሸከመዋለሁ፣ ይስቁብኛል፣ ውሃው ግን ቤት ይደርሳል። መርፌ ላይ ክር ያለ መነጽር አስገባለሁ። የቤተ ክርስቲያኑን አቀበት ሳላርፍ እወጣለሁ፤ ስወርድ ጉልበቴ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ እሱም ከቁልቁለቱ ነው እንጂ ከእኔ አይደለም። ይህንንም ደብዳቤ ጸሐፊ ሳልለምን በገዛ እጄ ነው የምጽፍልሽ። ፊደል የቆጠርኩት በጎልማሳነቴ፣ በቅሎ እየነዳሁ በየማደሪያው ስለሆነ፣ አንዳንዱ ፊደል እግሩ ቢጎድል አንቺ ሙዪለት።

እንደምን ሰነበትሽልኝ ልጄ? ክረምቱን እንደምን አለፍሽው፣ በጋውንስ እንዴት ይዘሽዋል? የራስ ምታትሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ፀሐይ ሲከር ይነሳብሻል? ደበበስ እንደምን አለ? ከባቡሩ ሥራ ሲገባ ወገቡን ይይዘዋል ብለሽኝ ነበር፣ ሻል አለው ወይ? ፈለቀ ትምህርቱን ያዘ? ትንሿ ውዳሴ መራመድ ጀመረች? የአማትሽ ዓይንስ? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ሳል ነገር ይዞኝ ነበር፣ በጤና አዳምና በዝንጅብል አባረርኩት።

የላክሽው ደብዳቤ በነዚፍ ሱቅ በኩል ደረሰኝ። ጉግሳ፣ ያ ጎረቤታችን፣ አባትሽ በጾም ጥሬ እየቆረጠመ ነው የሚያድረው ብሎ እንደጻፈልሽ ከደብዳቤሽ ተረዳሁ። አንቺም ደንግጠሽ፣ ከፋሲካ በኋላ ደበበ መጥቶ ይውሰድዎት፣ ቤቱንና ጓሮውን ሸጠው እኛ ዘንድ ይረፉ ብለሽኛል። መጀመሪያ አልመጣም የምትል አንዲት መስመር ጽፌልሽ ነበር። ቀደድኳት። አሁን የምጽፍልሽን ሳትቸኩዪ አንብቢ፤ ለደበበ ከመስጠትሽ በፊት አንቺ ቀድመሽ ጨርሺው። የእኔ መምጣትና መቅረት ያለው እዚህ ውስጥ ነው፣ ከዚያ የሚበልጥም ነገር አለበት።

አስቀድሜ ግን ጉግሳ ያበላሸውን ስሜን ላድስ። ጥሬ አልቆረጥምም። ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ። ሽንኩርቱን በደረቁ እስኪጠወልግ አቁላላዋለሁ፣ ከዚያ የኑግ ዘይት ጠብ አደርግበታለሁ፣ ኮረሪማ እጨምርበታለሁ። ጎመኑን ከጓሮ ቆርጬ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ እሠራዋለሁ፤ በጾም ቅቤ የለም ብሎ ጎመን አይጣፍጥም የሚል ሰው ጎመን መሥራት የማይችል ሰው ነው። ሱፉን አመስ አድርጌ፣ ወቅጬ፣ በውሃ በጥብጬ አጠለዋለሁ፣ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይወጣል። ያስቸገረኝ ዳቦው ነው። የመጀመሪያው ድፎ ከላይ ከሰል ሆነ፣ ከውስጥ ሊጥ ሆነ። ለጉግሳ ውሻ ብጥልለት አሸተተውና ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ሁለተኛውን የነዚፍ ሚስት ሀጅራ በሱቁ መስኮት አይታ፣ አባ ሽብሩ፣ እኛስ ረመዳናችንን ጾመን ማታ ማታ ደህና ነገር በላን፣ እርስዎ ይህን ድንጋይ ለማላመጥ ነው የሚጾሙት ብላ ሳቀችብኝ። ከሳቀች በኋላ ግን ከራሷ ሊጥ እርሾ ቆርሳ ሰጠችኝ፣ ዱቄቱን ያሙቁት፣ እሳቱን አይቸኩሉበት አለችኝ። አሁን ሊጡ ኩፍ ሲል ከሥር ኮባ አነጥፋለሁ፣ ከላይም ኮባ አለብሰዋለሁ፣ በክዳኑ ላይ ለስለስ ያለ ፍም እበትናለሁ፣ ከሥርም እንደዚያው። ጥቁር አዝሙድ አልረሳም። ያቺ የእናትሽን ሽታ የምትመስለው ሽታ ከኮባው እንጂ ከዱቄቱ እንዳልነበረች አሁን ገና አወቅሁ። የድሬዳዋ ዳቦ ቤት ይህን አያውቅም። አንቺም ሞክሪው፣ ኮባ ካጣሽ የሙዝ ቅጠል ይሁን።

ለበልጉ ያሰብኩትንም ስሚ። ዝናቡ ዘንድሮ በጊዜው ያዘ፣ መሬቱ እንደ ገንፎ ለስልሷል። ከቤቱ ጀርባ ያሉትን የእናትሽን አሮጌ እንሰቶች ነቅዬ በቦታቸው ድንች፣ ዱባና ጥቅል ጎመን ልተክል አስቤ ነበር። እንሰት የሴት ሥራ ነው፤ ሴት በሌለችበት ቤት ቆሞ ከማየት በቀር ምን ይሠራል ብዬ ነው። ቦታውን ለካሁ፣ በየጥጉ ችካል ተከልኩ፣ ገመድ ወጠርኩ። ሙሉካ፣ ከእናትሽ ጋር ዘመኗን ሁሉ እንሰት ስትፍቅ የኖረችው ጎረቤታችን፣ ከአጥሩ ማዶ ቆማ አየችኝና፣ አያ ሽብሩ፣ የሰው ንብረት ሳትጠይቅ ነው የምትነቅለው አለችኝ። የማን ንብረት ብላት ትታኝ ሄደች። ያን ጊዜ ቂም መስሎኝ ነበር።

ነገሩ የተነሳው በቆጮ ነው። ጾሙ ሲገባ ጎመን ያለ ቆጮ አልወርድ አለኝ። ከገበያ ገዛሁ፤ አሸዋ አለው፣ ቃጫው ጥርስ ውስጥ ይቀራል፣ የማያውቁት ሰው እጅ ይሸታል። እናትሽ ከመሞቷ በፊት በነበሩት ወራት ፍቃ የቀበረችው ጉድጓድ ከትልቁ ቡና ሥር እንዳለ አውቃለሁ። አንቺ ለትምህርት በልጅነትሽ ስለወጣሽ ረስተሽው ይሆናል እንጂ፣ እዚህ አገር እንሰት በሚፋቅበት ወንድ አይደርስም፣ ጉድጓዱንም ወንድ አይከፍትም። እናትሽና ሙሉካ ሲፍቁ እኔ ከአጥር ውጭ ጉሮሮዬን እየጠረግሁ ነበር የማልፈው። ሙሉካ እኔ ልክፈትልህ ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት። በራሴ ጓሮ ያለን ጉድጓድ በራሴ እጅ እከፍታለሁ አልኳት። የወንድ እጅ ከገባበት ይጠቁራል አለችኝ። እስካሁንስ መቼ ሳይጠቁር ቀርቶ ነው፣ የጉድጓዱ ባለቤት ካረፈች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት ብዬ መለስኩላት። አንቺ ባታውቂው፣ የተቀበረ ቆጮ በየጊዜው ይከፈታል፣ ይታሻል፣ ያረጀው ኮባ ወጥቶ አዲስ ይነጠፍለታል። ያን የሚያደርግለት ካጣ ይደርቃል፣ ይሻግታል። እኔም ጉድጓዱን ስከፍት የማገኘው አፈር የመሰለ ነገር ነው፣ ከውስጡ ደህና የሆነ ካገኘሁ አወጣለሁ ብዬ ነው የጀመርኩት።

ከማለዳው የኪዳን ጸሎት ተመልሼ፣ ጉም ገና ከቡናው ላይ ሳይነሳ፣ ድንጋዮቹን አነሳሁ፣ አፈሩን ጠረግሁ። ኮባው አረንጓዴ ነበር።

ልጄ፣ የደረቀ ኮባ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ይህ ከግንዱ የተቆረጠው በዚያው ሰሞን ነው፤ የተቆረጠበት ጫፍ ላይ ውሃው አልደረቀም። ገለጥኩት። ቆጮው ነጭ ነው፣ ደህና ሆኖ ታሽቷል፣ የጣቶች ፈለግ አለበት። ሽታው ራሱ ነው። እጄን አስገብቼ ጥቂት አወጣሁ፣ ኮባውን አጣጠፍኩት፣ ድንጋዩን መለስኩ፣ እና ተናደድኩ። መፍራት በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ በቤቴ ላይ፣ እኔ ሳላውቅ፣ ማን ነው የሚገባ የሚወጣው ብዬ።

ሌላ ማንም ስላልታየኝ በቀጥታ ሙሉካ ደጅ ሄድኩ። ሰዎች ቡና እያበጠሩ በነበረበት አደባባይ፣ የሟች ጉድጓድ ውስጥ እጅሽን የምትከቺ ሌባ አልኳት። ሙሉካ የሚስዮን ቤተ ክርስቲያን ነው የምትሄደው፣ አትሳደብም። መዳፏን ጠርጋ፣ ና አሳየኝ አለችኝ። ተከትላኝ መጣች፣ ከአጥሩ ግን አላለፈችም። ከዚያው ሆና፣ ኮባውን ወደ የት ታጥፎ ነው ያገኘኸው አለችኝ። ወደ ግራ አልኳት። ጫፉ ከላይ ነው ወይስ ከሥር የገባው አለችኝ። ከሥር አልኳት። ከዚያ፣ አያ ሽብሩ፣ እኔ የቀኝ እጅ ሴት ነኝ፣ ወደ ቀኝ ነው የማጥፈው፤ በዚህ ሰፈር ወደ ግራ የምታጥፍ ማን እንደነበረች እኔ ልንገርህ ወይ አለችኝ። አንቺም ታውቂያለሽ። እናትሽ ማንኪያ እንኳ በግራዋ ነበር የምትይዘው፤ የሰርጋችን ዕለት አክስቶቿ አፍረው እጇን በነጠላ ሸፍነውላት ነበር።

ሰባኪያችን ሙታን አይመለሱም ብሎናል፣ እኔም አምኛለሁ አለች ሙሉካ፤ ቢሆንም የሸዋነሽን እጥፍ ባየው አውቀዋለሁ፣ ስለዚህ አልገባም፣ አላየውም። ከዚያ የእናቷን ቤት ወግ ነገረችኝ። ሴት ጉድጓዷን ሳታስረክብ አትሄድም። ሲደክማት ልጇን ትጠራለች፣ ከጉድጓዱ የመጀመሪያዋን እፍኝ አንስታ በልጅቷ መዳፍ ላይ ታኖራለች፣ ከዚያ ጉድጓዱ የልጅቷ ነው፣ እናት ታርፋለች። ሸዋነሽ በድንገት ሄደች፣ ልጇም ሩቅ ነበረች፣ ለማንም አላስረከበችም አለችኝ። በዚህ ዓይነት ወሬ ልታስፈራሪኝ ነው ብያት ገባሁና፣ ያወጣሁትን ቆጮ ጨመቅሁ፣ ከተፍኩ፣ ነፋሁ፣ በኮባ ጠቅልዬ ጋገርኩ። በጎመን በላሁት። ምን ልበልሽ፤ የእናትሽ ነው። ከዚህ የበለጠ መናገር አልችልም። ሁለተኛም ሦስተኛም ቀን በላሁ። እኔ አውጥቼ እንደ ነገሩ ሸፈን አደርገዋለሁ፣ በማግስቱ ስመለስ ኮባው እንደገና ተስተካክሎ፣ ወደ ግራ ታጥፎ፣ ጫፉ ከሥር ገብቶ አገኘዋለሁ።

ሰው ነው አይደለም የሚለውን ለመለየት ከጉድጓዱ ዙሪያ አመድ ነሰነስኩ፣ የእግር ፈለግ ይያዝልኝ ብዬ። በማለዳ ስወጣ ፈለግ የለም። አመዱም የለም። ጓሮው ተጠርጓል፤ መጥረጊያው ያለፈበት መስመር እንደ ግማሽ ጨረቃ እየዞረ፣ እናትሽ እንደምትጠርገው፣ ከቡናው ሥር ጀምሮ እስከ ኩሽናው በር ደርሷል። የእኔ መጥረጊያ ከደጃፉ ኋላ በተኛበት ነው፣ ላዩ ላይ ግን አመድ አለ። ያን ቀን ወደ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ፣ እስከ ቀትር ሳልነሳ ቆየሁ።

ችካሎቹም ተነሱ። በአሮጌዎቹ እንሰቶች ዙሪያ የተከልኳቸው ችካሎች ሁሉ ከታች፣ ከአጥሩ ሥር፣ ፀሐይ ከሚያገኘው ገላጣ ቦታ ላይ ተተክለው አገኘኋቸው። ገመዱም ተወጥሯል፣ ከእኔ ይልቅ ቀጥ ብሎ። መልሼ ወደ እንሰቱ ወሰድኳቸው። በማግስቱ እንደገና ከታች ናቸው። ሦስተኛ ጊዜ ልወስዳቸው ብዬ ቆም አልኩና አሰብኩ። ለድንች በእውነቱ የታችኛው ቦታ ይሻላል፤ ውሃ አይቋጥርም፣ ጥላም የለበትም። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ነበረች፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ዝም ብላ ታደርገዋለች፣ በኋላ እሷ ልክ ትሆናለች። ድንቹን ከታች ተከልኩት። አሁን ሁለት ቅጠል አውጥቷል። ዱባውንም ወደ አጥሩ አሳድጄ እለቅቀዋለሁ። እንሰቶቹን አልነካኋቸውም፣ በመካከላቸው ጎመንና እንደ ድንች ተቀቅሎ የሚበላ ቦዬ አስገባሁ፣ ይህንንም ማንም አላፈረሰብኝም።

እስከዚህ ድረስ፣ ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ይፈራል፣ ግን ደስ ይላል። በማለዳ ተነስቼ ዛሬስ ምን አድርጋ ይሆን እያልኩ እወጣ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ለአንቺም አልመጣም ብዬ የጻፍኳት መስመር በዚያን ሰሞን የተጻፈች ናት። ቤቴ ውስጥ ሚስቴ አለች፣ ምን ቆርጦኝ ድሬዳዋ እሄዳለሁ ብዬ።

ከዚያ ሙሉካ አጥሩ ላይ መጣች። የሰደብኳትን አላነሳችም። ትበላለህ ወይ አለችኝ። እበላለሁ አልኳት። አያ ሽብሩ፣ አንተ እስከበላህ ድረስ እሷ ታሻለች፤ አንተን እስከጎደለህ ድረስ እሷ ትቆማለች፤ በቁሟ የደከመችው አይበቃትም ወይ አለችኝ። ሄጄ ጉድጓዱን ከፈትኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርጌ አየሁት። የጣቶቹ ፈለግ ሊጡ ላይ አለ፣ ግን እንደ መጀመሪያው ጊዜ ጥልቅ አይደለም፤ ከላይ ከላይ ነካ ነካ ብቻ ነው። ኮባው ወደ ግራ ታጥፏል፣ ጫፉ ግን ከሥር አልገባም፣ ወጥቶ ቀርቷል። እናትሽ የኮባ ጫፍ አውጥታ የምትተው ሴት አልነበረችም። ድንጋዮቹም ከትልቁ ይልቅ ትንንሾቹ ናቸው የተመለሱት፤ ትልቁ በወደቀበት ነው።

እዚያው ቁጭ አልኩ። ራሴን ችያለሁ፣ ማንም አይደግፈኝም እያልኩ ለሰው ሁሉ ስናገር፣ ለካ የሞተች ሴት እየቀለበችኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጉድጓዱ አላወጣሁም። እሷ ግን እንዴት ትተው። በማግስቱ በሬን ስከፍት ከደፉ ላይ፣ በኮባ የተጠቀለለ የቆጮ ድብልብል ተቀምጦ ነበር። አንስቼ ወስጄ ወደ ጉድጓዱ መለስኩት። ሌላ ጊዜ እንደገና አመጣች። እንደገና መለስኩ። ዝናብ የዘነበበት ማለዳ እንኳ ደረቅ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። እንዲህ ስንመላለስ ሰነበትን፤ በሕይወቷም ምግብ ስታቀርብልኝና ጠግቤያለሁ ስላት የነበርነው እንደዚሁ ነው። ድብልብሉ ግን እያነሰ መጣ። በመጨረሻ የሕፃን ጭብጥ አከለ። ያን ባየሁ ጊዜ የቀራትን አቅም ሁሉ ሰብስባ በሬ ላይ ያኖረችው መሰለኝ።

መብላት መተው አልበቃም፤ ስተው ይብሱን ራበው ብላ ነው የምትጨነቀው። መራቤን ሳይሆን መጥገቤን ማሳየት አለብኝ አልኩ። ስለዚህ ዳቦ ጋገርኩ። የሀጅራን እርሾ አወጣሁ፣ ዱቄቱን ነፋሁ፣ በደንብ አቦካሁ፣ ኮባ አነጠፍኩ። እሳቱን አልቸኮልኩበትም። ዕድሜዬን ሙሉ ለማንም እንደዚያ ተጠንቅቄ ሠርቼ አላውቅም። ወርቅ የመሰለ ድፎ ወጣልኝ፣ ጀርባው እንደ ከበሮ ድው ድው ይላል። ጎመንም ሠራሁ፣ ሽሮም፣ በሸክላ ሳህን አድርጌ ከዳቦው ጎን አኖርኩት። ገና በቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሁሉንም ወስጄ ከጉድጓዱ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩና ተናገርኩ። ሸዋነሽ፣ ይኸው እይ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ቅመሺውና ፍረጂ፣ ከእንግዲህ ስለ ሆዴ አትቁሚ አልኳት። ጉግሳ ሰምቶኝ ከሆነ ይህንንም ይጽፍልሽ ይሆናል፤ ካልጻፈልሽ እኔ ጽፌልሻለሁ።

በማለዳ ስሄድ ዳቦው እንዳለ ነው። ከጥጉ ላይ ግን አንድ ቁራሽ ተቆርሷል፤ ሴት ወጥ ስትቀምስ እንደምትወስደው ያህል ትንሽ። ከጎመኑም ከጥጉ ተነክቷል። ከላዩ ኮባ ተጥሎበታል፣ ወደ ግራ ታጥፎ። ወፍ ነው እንዳትዪኝ፤ ወፍ ዳቦ ይነካ ይሆናል እንጂ ኮባ አያጥፍም። ወደ ቤት ተመልሼ ደፉን አየሁ። ምንም የለበትም። ከዚያ ወዲህም በሬ ላይ ምንም አልመጣም። ስለ እኔ አምናለች ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ያን ቀን ግን ከቤቱ ባዶነት የተነሳ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ሆኖም አላረፈችም። ትናንት ጉድጓዱን ከፍቼ አየሁት፤ ኮባው አሁንም አዲስ ነው። የተቆረጠው ግን ከአጭሩ እንሰት ነው፣ ከረጅሙ መድረስ አቅቷታል። እጥፉ ላልቷል፣ ከአንድ ጎን አፈር ገብቷል። ለሙሉካ ነገርኳት። በምግቡ ረገድ አንተን አምናለች፣ ጉድጓዱ ግን ያንተ አይደለም፣ አንተ ብትወስደው እንኳ አትሰጥህም፣ ከእሷ የሚረከበው የልጇ እጅ ነው አለችኝ። እኔ ልደፍነው፣ አፈር ልሙላበትና ይለቅ ብላት፣ ውስጥ ሆና ትጠብቅ ዘንድ ነው የምትደፍንባት አለችኝ። ይህን ስትል ፊቷን አዞረች።

ስለዚህ፣ ሙሉዬ፣ ደበበን አትላኪው። አንቺ ነይ። ፋሲካን አትጠብቂ፤ ከሆሣዕና በፊት ብትደርሺ ደስ ይለኛል፣ ዝናቡ እየጠነከረ ነው፣ ጉድጓዱም ውሃ መሳብ ጀምሯል። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሻሸመኔ አድረሽ ዲላ ትገቢያለሽ፤ ከዚያ ወደ ጪጩ የነዚፍ የጭነት መኪና በየገበያው ቀን ይመጣል፣ ለሹፌሩ የሽብሩ ልጅ ነኝ በዪው። የሚደረገው ብዙ አይደለም። ሙሉካ ከአጥሩ ገብታ ከጎንሽ እቆማለሁ ብላኛለች፣ አስባ አስባ ነው የተስማማችው። አንቺ ኮባውን ትገልጫለሽ፣ መዳፍሽን ከፍተሽ ታስገቢያለሽ፣ ጥቂት ትቆያለሽ። መዳፍሽ ላይ ክብደት ሲያርፍ አውጪው። ማን እንዳኖረልሽ አትጠይቂ፣ አትጩኺም። ቀዝቃዛ እጅ ቢነካሽ የእናትሽ ነው፣ ያሳደገሽ እጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ ያንቺ ነው። ድፈነው ካልሽኝ እደፍነዋለሁ፣ ጓሮውን ሽጥና ተከተለኝ ካልሽኝ ድንቹን እንኳ ሳላወጣ ተከትዬሽ እመጣለሁ። ጠብቀው ካልሽኝም እቀመጣለሁ፣ በየጊዜው ሙሉካን እየለመንኩ ኮባውን አስለውጣለሁ። እንዳልሽኝ እሆናለሁ። ይህን ቃል ከእኔ አፍ ሰምተሽ እንደማታውቂ አውቃለሁ፤ ስትመጪ ደግመሽ አታስብዪኝ።

ደበበን ሰላም በዪልኝ፤ ቅር እንዳይለው፣ አንድ ቀን እሱም መጥቶ ዳቦዬን ይበላል። ፈለቀን ግንባሩን ሳሚልኝ፣ ጽሑፉ የሚያምር ከሆነ እሱ ራሱ ይጻፍልኝ። ውዳሴን በሁለት ጉንጯ ሳሚልኝ፣ በየትኛው እጇ ማንኪያ እንደምትይዝም አይተሽ ንገሪኝ። ለአማትሽ እንደምን ሰነበቱ በዪልኝ፣ ለዓይናቸው ጠበል ቢያገኙ። ሀጅራና ነዚፍ ሰላም ብለውሻል። ሙሉካም ሰላም ብላሻለች፣ በፍጥነት ትምጣ ብላለች፣ እንዳትፈሪም።

ያለብኝን ዕዳ ግን ለአንቺም ለደበበም አልተውም፣ ራሴ እከፍለዋለሁ። ለሀጅራ እርሾዋን በእጥፍ እመልስላታለሁ፣ ከላዩም የዱባ ዘር እጨምርላታለሁ። ለጉግሳ፣ ወሬኛ ቢሆንም ለልጄ ያሰበው በቀና ነውና፣ ደህና የወጣ አንድ ድፎ እወስድለታለሁ፤ ሲቆርሰውም ቆሜ አየዋለሁ። ሙሉካን ሌባ ያልኳት በሰው ፊት ነው፤ በዚያው አደባባይ፣ የሰሙት ሰዎች ባሉበት፣ ቆሜ ይቅር በዪኝ እላታለሁ። ለእናትሽ ደግሞ ከጉድጓዱ የበላሁት አለብኝ። ከአሮጌዎቹ እንሰቶች አንዱን፣ የደረሰውን፣ በዚህ ሳምንት እጥለዋለሁ። ወንድ ነህ ይበሉኝ፣ ይሳቁብኝ፣ በገዛ እጄ እፍቀዋለሁ፤ ሙሉካ ከአጥሩ ማዶ ጀርባዋን ሰጥታ እየነገረችኝ፣ ጉልበቴ እስኪደማ ድረስ እፍቀዋለሁ፣ ጨምቄ ከጉድጓዱ እጨምረዋለሁ፣ እሷ ትታው እስከሄደችበት ልክ ድረስ። አንቺ እጅሽን ስታስገቢ ጉድለት እንዳታገኚ።

አባትሽ ሽብሩ
ጪጩ፣ ዲላ አጠገብ
መጋቢት ፳ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.